የነፍስ ግድያ ክስን በጁሪ ፊት መከራከር፦ ለጅማ ምስለ ችሎት ተከራካሪዎች

አገራችን ውስጥ ጁሪ፣ ማለትም ፍርድ የሚሰጥ የተራ ዜጎች ቡድን፣ የለም። ጅማ ላይ አንድ ሰው በነፍስ ግድያ ሲከሰስ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ዳኞች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ግን 12 ተራ ዜጎች ተቀምጠው ይሰማሉ። አሜሪካም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ጋና 7፣ ስኮትላንድ 15 ሰው ያስቀምጣሉ። ዳኛው ሕጉን ይነግራቸዋል፣ ሥርዓት ያስከብራል። የሆነውን ካልሆነው ለይተው ፍርዱን የሚሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

ታዲያ እኛ ጋ የሌለውን ነገር በምስለ ችሎት፣ ማለትም በልምምድ ችሎት፣ ለምን እንለማመዳለን? ዳኛ ፊት ብቻ የተለማመደ ተማሪ አንቀጽ ጠርቶ ማለፍ ይለምድበታል። «ክቡር ፍርድ ቤቱ እንደሚያውቀው» ይልና ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ለባጃጅ ሹፌርና ለነርስ ስትናገሩ መዝለል የለም። ምስክሩ ምን አየ? ከየት ሆኖ አየ? ያየው ነገር ምን ያረጋግጣል? ይህን አንድ በአንድ ማስረዳት ግድ ይላችኋል። ይህን የቻለ ተማሪ ነገ የትኛውም ችሎት ፊት ቢቆም አይቸገርም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ፍርዱ የሚሰጠው እናንተ በሌላችሁበት ነው። ክርክሩ ሲያልቅ ጁሪው ተነስቶ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስለ እናንተ የሚከራከርላችሁ ከመሀላቸው ያመናችሁ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ «እሱስ ባይሆን?» ሲለው የሚመልሰው ነገር ያስፈልገዋል። ንግግራችሁ ለዚያ ሰው ስንቅ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጁሪውን ሰብስቡ

የሕግ ተማሪ ጁሪ ውስጥ አታስገቡ። ሕርመታ መርካቶ ጉሊት ላይ የምትሸጥ ሴት፣ ባጃጅ ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቡና ነጋዴ፣ ነርስ፣ የጸጉር ቤት ባለቤት ፈልጉ። ዕድሜያቸው የተደባለቀ ይሁን። ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና ያለውን ተዉት። ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው ሥራውን ጥሎ ነው የሚመጣው። ምሳና ቡና አዘጋጁ።

ክረምት ከሆነ ጠዋት ጀምሩ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ምስክር፣ ጠበቃም አይሰማም። ጁሪው ምስክሩን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ቋንቋንም አስቡበት። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እዚህ በአማርኛ የምትለማመዱ ከሆነ ሌላ ቀን ያንኑ ጉዳይ በአፋን ኦሮሞ ድገሙት። ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማይችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ደንግጓል። ልምምዱ ውስጥ አንድ ምስክር በአስተርጓሚ እንዲናገር አድርጉ። ጥያቄን አሳጥሮ መጠየቅ የሚለመደው ያኔ ነው።

ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ለጁሪው በቀላል አማርኛ ይህን ይንገር። ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ጥፋተኛ የሚባለው ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ሲረጋገጥ ነው፤ ይኸውም «ለምን ትጠራጠራለህ?» ቢባል በቂ ምክንያት የሚቀርብበት ጥርጣሬ ሲጠፋ ነው። እንግሊዝ አገር ዳኞች ነገሩን አሳጥረው «እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጥፋተኛ አትበሉ» ይላሉ።

እኛ አካባቢ ላይ ግን አንድ የሚጨመር ነገር አለ፤ እኔ በጣም የማሰምርበትም እሱ ነው። ሰዋችን ሽምግልና ያውቃል። ሁለት ሰው ሲጣላ ሁለቱንም ሰምቶ፣ ሁለቱንም ገስጾ፣ መሀል ላይ ማስታረቅ ያውቅበታል። ነፍስ ሲጠፋም በኦሮሞ ባህል በጉማ ወገን ከወገን ይታረቃል። ትልቅ ጥበብ ነው፤ ብዙ ደም አስቀርቷል። ጁሪ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ያሳስታል። «ትንሽ አጥፍቷል፣ እነሱም ትንሽ አጋነዋል» ብሎ መሀሉን መቁረጥ እዚያ አይሠራም። ሰውየው አድርጎታል ወይስ አላደረገውም? ዕርቅና ካሣ በቅጣት ጊዜ ሊነሱ ይችላሉ፤ አድርጎታል ወይ የሚለውን ግን አይመልሱም። ዳኛው ይህን በግልጽ ይናገር። ተከራካሪዎችም በመክፈቻ ንግግራችሁ ላይ ንኩት።

መዝገቡ

ለልምምድ የሚሆን መዝገብ ሁለቱም ወገን ሊያሸንፍበት የሚችል መሆን አለበት። አንዱ ይኸውላችሁ፤ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፤ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት።

ከጅማ ዳር ያለ የቡና መጋዘን ሁለት የሌሊት ጥበቃዎች አሉት። አርብ ምሽት አንደኛው ግቢው ውስጥ ሞቶ ይገኛል። የአስከሬን ምርመራው ከጭንቅላቱ ጀርባ አንድ ምት ብቻ አግኝቷል። የሞተው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ተከሳሹ ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ ያን ምሽት ተራው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት በ800 ብር ብድር ተጣልተው ተከሳሹ «እንተያያለን» ሲል ሻይ ሻጩ ሰምቷል። የተከሳሹ ዱላ የሟች ደም ኖሮበት ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተገኝቷል፤ ዱላው ግን ሁልጊዜም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ከአስፋልቱ ማዶ በቆሎ የሚጠብሱ እናት 3 ሰዓት ገደማ አንድ ሰው እያነከሰ ከግቢው ሲወጣ አይተዋል። ተከሳሹ ያነክሳል። መብራት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እናትየው ያዩት በምታልፍ ባጃጅ መብራት ነው። ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። የተከሳሹ እህት ለፖሊስ «ቤት የመጣው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው» ብላ፣ ችሎት ላይ «2 ሰዓት ላይ ነው» ብላለች።

ፍርዱ የሚወሰንበትን አንድ ጥያቄ ለዩ

የነፍስ ግድያ ክስ ሁሉ በአራት ጥያቄዎች ያልፋል። ሰው ሞቷል፣ በምንስ ሞተ? ገዳዩ ማን ነው? ሐሳቡ ምን ነበር? ራስን እንደመከላከል ያለ ሕጋዊ ምክንያት ነበረው? አራቱንም ወረቀት ላይ ጻፉና የማያከራክሩትን ሰርዙ። እዚህ መዝገብ ላይ አሟሟቱ አያከራክርም። የኋላ ምት ስለሆነ ራሴን ተከላከልኩ ማለትም አያስኬድም፤ ተከሳሹም አላለም። የቀረው «ማን?» የሚለው ነው። ከእሱ ቀጥሎ፣ እሱ ከሆነ፣ «ምን አስቦ?» የሚለው ይመጣል።

የሐሳቡን ጥያቄ ለማየት የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ክፈቱ። አንቀጽ 539 አስቀድሞ አስቦና አቅዶ እንደመግደል ላለው ከባድ ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ከባድ በሆነ የመነሳሳት ስሜት ውስጥ ሆኖ ወይም የመከላከልን ልክ አልፎ ለገደለ ሰው ነው፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። 543 የቸልተኝነት ግድያ ነው። አንቀጽ 58 ላይ ደግሞ «ሆን ብሎ» ማለት መግደል መፈለግ ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ሞት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የመታም ሆን ብሎ ነው። አንድ የዱላ ምት ሲኖር ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቅጣቱ መጠን ለጁሪው አትንገሩ። የጁሪ ሥራ ጥፋተኝነትን መወሰን ነው። «ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ነው» ማለት ከማስረጃው ላይ ዓይናቸውን ያነሳል።

የዐቃቤ ሕግ ወገን

ክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። «ሐሙስ የዛተው ሰው አርብ ማታ በራሱ ዱላ ባልደረባውን ከኋላው መትቶ ገደለው።» ይህን ለሻይ ሻጩ ብትነግሩት ወዲያው ካልገባው እንደገና ጻፉት።

መክፈቻ ላይ የማታረጋግጡትን ቃል አትግቡ። «ፊቱን ያየች ምስክር አለችን» ብላችሁ ምስክሯ «ፊቱን አላየሁም» ካለች ክሱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። «አካሄዱን ያወቁ ምስክር ታያላችሁ» በሉ፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ዋና ጥያቄ ላይ፣ ማለትም የራሳችሁን ምስክር ስትጠይቁ፣ ወደ መልሱ አትምሩት። መልሱን ያዘለ ጥያቄ ለራስ ምስክር አይፈቀድም፤ የእኛም የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ይህንኑ ይላል። «የት ነበሩ? ምን አዩ? ከዚያስ?» ይበቃል። ሰው የሚያምነው ምስክሩ በራሱ አፍ ሲናገር ነው።

ድክመታችሁን ቀድማችሁ ራሳችሁ አውጡት። መብራት መጥፋቱን ጁሪው መጀመሪያ ከተከላካዩ ከሰማ የደበቃችሁት ይመስለዋል።

መዝጊያው ላይ ማስረጃዎቹን አንድ ላይ አምጡ። እያንዳንዱ ማስረጃ ለየብቻው ሲታይ ደካማ ነው፤ ኃይሉ መገጣጠሙ ላይ ነው። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

«የተከበራችሁ የጁሪ አባላት፣ የሚያነክስ ሰው ብዙ ነው ይሏችኋል። እውነት ነው። ሐሙስ ከሟች ጋር የተጣላ፣ የሚያነክስ፣ ዱላው ደም የነካው፣ እህቱ የገባበትን ሰዓት የቀየረችለት ሰው ግን ስንት ነው? አንዱን ብቻ እያነሳችሁ አትመዝኑ። አራቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

እዚህ ላይ አስተውሉ፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጁሪ ክፍል ውስጥ ያለው ደጋፊያችሁ የሚደግማት ናት። ግን «ሌላ ሰው ፈልጉ» ስትሉ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ተከሳሹ እንዳታዞሩት ተጠንቀቁ። ወዲያው «ማስረዳት የእኛ ግዴታ ነው፤ ያስረዳነውም በዚህ ነው» ብላችሁ ዝጉት።

ሟቹን አትርሱት። እሱ ችሎት ቆሞ አይናገርም፤ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር የሚናገርለት ዐቃቤ ሕግ ነው። ማን እንደነበረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ወደ ማስረጃው ተመለሱ። ጁሪ ካስለቀሳችሁ በኋላ ማስረጃ ማስረዳት አይቻልም።

የተከላካይ ወገን

የተከላካይ ሥራ የሚጀምረው መስቀለኛ ጥያቄ ላይ፣ ማለትም የተቃራኒ ወገንን ምስክር ሲጠይቅ ነው። እዚህ ጥያቄው መልሱን ያዘለ፣ አጭር፣ አንድ ሐሳብ ብቻ የያዘ ይሁን። በቆሎ የሚጠብሱትን እናት እንዲህ ጠይቋቸው፦

«ያን ምሽት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት አልነበረም፤ አይደል እማማ?»
«አልነበረም ልጄ።»
«ሰውየውን ያዩት በባጃጇ መብራት ነው።»
«አዎ።»
«ባጃጇ የመጣችው ከሰውየው ጀርባ ነው።»
«ከጀርባው ነው።»
«መብራቷ ወደ እርስዎ ነበር የሚያበራው።»
«ወደ እኔ ነው፣ ዓይኔን ወጋኝ።»
«አመሰግናለሁ እማማ። ጨርሻለሁ።»

ቁጭ በሉ። «ታዲያ እንዴት አወቁት?» የምትለዋ ጥያቄ አፋችሁ ላይ ትመጣለች፤ ዋጧት። ከጠየቃችሁ «አረማመዱን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ!» ይሏችኋል፣ ያገኛችሁት ሁሉ ይሄዳል። ዓይናቸውን የወጋቸው መብራት የሚበቃችሁን ሰጥቷችኋል። ይህችን ጥያቄ ከመስቀለኛው በኋላ በሚመጣው ድጋሚ ጥያቄ ማንሳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። እሱም ካልተኛ ያነሳታል።

አነጋገራችሁንም ልብ በሉ። እኒህ እናት አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ብታመናጭቋቸው ጁሪው ውስጥ ያለችው ጉሊት ነጋዴ ፊቷን ታዞርባችኋለች። «ተሳስተው ይሆናል» ማለት ይበቃል፤ «ዋሽተዋል» ማለት የሚቻለው የዋሸ ምስክር ሲገኝ ብቻ ነው።

የእህትየዋ ጉዳይ የተከላካይ ቁስል ነው። ቃሏን ቀይራለች። አትሸፋፍኑት። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ አጥጋቢ ማብራሪያ ታመጣላችሁ፣ ወይ ትተዋታላችሁ። እኔ ብሆን መዝጊያው ላይ እንዲህ እል ነበር፦

«እህቱን አትመኗት። ከመዝገቡ አውጧት። አሁን ምን ቀረ? ጨለማ ውስጥ ከኋላው እየበራበት የታየ የሰው ጥላ። ጭቃ ላይ እየተንሻተተ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያነክስ ይመስላል። ሁልጊዜ ጥበቃ ቤት የሚቀመጥ፣ ግቢው የገባ ሁሉ ሊያነሳው የሚችል ዱላ። ‹እንተያያለን› የሚል ቃል፤ ከመካከላችን ተናዶ ይህን ያላለ ማን አለ? እርግጠኛ ናችሁ? በዚህ ብቻ?»

ሁለት መከላከያ በአንዴ ስታቀርቡ ተጠንቀቁ። «እሱ አልነበረም፤ ቢሆንም ሊገድል አላሰበም» ማለት በሕግ ይቻላል። ተራ ሰው ጆሮ ላይ ግን እንደማመን ይሰማል። «ማን?» የሚለው ላይ ቁሙ። የሐሳቡን ክርክር ማንሳት ግድ ከሆነ ሸክሙ ላይ አስሩት፤ «ዐቃቤ ሕግ የመታውን ሰው ማንነት አላስረዳም፤ የመታው ሰው ምን አስቦ እንደመታም አላስረዳም» በሉ። ተከሳሹን በመቺው ቦታ አታቁሙት።

ማን መጨረሻ ይናገራል የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ። እንግሊዝ ውስጥ መጨረሻ የሚናገረው ተከላካይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ለመልስ አንድ ዕድል ያገኛል። እኛ አገር ከዐቃቤ ሕግ ቀጥሎ ተከላካይ ይናገራል፤ ለጅማ ልምምድም ይህንን እመርጣለሁ።

ፈጽሞ የማይባሉ

«እኔ በግሌ ጥፋተኛ እንደሆነ አምናለሁ» አይባልም፤ የጠበቃ እምነት ማስረጃ አይደለም። «ልጃችሁ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ጁሪን በሟች ቤተሰብ ቦታ ማስቀመጥ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው፤ እናንተም ከልክሉት። «ንጹሕ ከሆነ ለምን ዝም አለ?» አይባልም፤ በራሱ ላይ እንዲመሰክር የማይገደድ መሆኑ በሕገ መንግሥታችን የተጻፈ መብቱ ነው። «ያለ ነገር አልታሰረም» የሚለውን የሰፈር ወሬ ዐቃቤ ሕግ ቢያነሳው ዳኛው ወዲያው ያስቁም። የተከሳሽ ወይም የሟች ብሔርና ሃይማኖት ከነአካቴው አይነሳም። ጅማ ሁሉም ተደባልቆ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ልምምድ ነው ተብሎ በዚህ መቀለድ አይቻልም።

ውሳኔና ከውሳኔ በኋላ

ጁሪው ከመግባቱ በፊት ስንት ሰው መስማማት እንዳለበት ይነገረው። አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ወዲህ በሁሉም ክፍለ ግዛት ለከባድ ወንጀል የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ፣ ብዙ ተመካክረው ካልተስማሙ፣ ዳኛው የ10 ሰው ድምፅ ሊቀበል ይችላል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ለልምምድ የሁሉንም ስምምነት ጠይቁ፤ ክርክሩ የሚጠልቀው ያኔ ነው። መጀመሪያ እጅ እንዳያወጡ ምከሯቸው። እጅ ካወጡ በኋላ ሰው ሐሳቡን መቀየር ያፍራል።

እውነተኛ ጁሪ የሚመክረው በምስጢር ነው። በልምምዱ ግን ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አታገኙም። ሰዓት ሙሉ የደከማችሁበትን ነጥብ ማንም ሳያነሳው ሲቀር፣ እንደዋዛ የጠቀሳችሁት ጭቃ ግን ግማሽ ሰዓት ሲያከራክራቸው ትሰማላችሁ።

ፍርዱን ከሰማችሁ በኋላ ከጁሪው ጋር አትሟገቱ። እንግሊዝ አገር በ1670 ዳኛው የፈለገውን ፍርድ አልሰጥም ያለ ጁሪ እህል ውኃ ተከልክሎ ተቆልፎበት ነበር። በኋላ ከአባላቱ አንዱ ባነሳው ክርክር ጁሪ በሰጠው ፍርድ እንደማይቀጣ ተወሰነ። ስለዚህ «ለምን እንዲህ ፈረዳችሁ?» አትበሉ። «የትኛው ምስክር ከበዳችሁ? የቱ ላይ ነው የተምታታባችሁ? ከእኔ ምን መስማት ፈልጋችሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት።

በሚቀጥለው ዙር ወገን ተቀያየሩ። ዐቃቤ ሕግ የነበረው ተከላካይ ይሁን፣ መዝገቡ ያው ይሁን፣ ጁሪው ግን አዲስ ይሁን።